ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ያመጣሁት ባለ ቢጫ አበባ ቁጥቋጦ ምንድን ነው? ለምንስ አላበበልኝም?

የቧንቧ ውኃዋ (ደሴ)

የተከበራችሁ የዚህ መድረክ አባላት፣ ስለ አንድ የጌጥ ተክል ማንነትና አስተዳደግ ምክራችሁን ፈልጌ ነው የምጽፈው። ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት ለአክስቴ ልጅ ሠርግ ኮምቦልቻ ወርጄ ሳለሁ፣ በአክስቴ ግቢ በር ግራና ቀኝ የቆሙ ሁለት ቁጥቋጦዎች ዓይኔን ያዙት። ቁመታቸው ከአጥሩ በላይ ያለፈ፣ ቅጠላቸው እንደ ጦር ጫፍ ጠባብና ረጅም ሆኖ የሚያብረቀርቅ፣ አበባቸው ደግሞ ደማቅ ቢጫ፣ ጡሩምባ የሚመስልና የአበባ ቅጠሎቹ አንዱ በአንዱ ላይ የተጠቀለሉ ነበር። አክስቴ ስሙን አታውቀውም፤ «ቢጫው አበባ» ብቻ ነው የምትለው። ከሥሩ ወድቀው የደረቁትን ጠንካራ ፍሬዎች በፌስታል ሞልታ ሰጠችኝና ይዤ ተመለስኩ።

ደሴ እንደ ደረስኩ ከፍሬዎቹ አሥሩን ብስባሽ በተቀላቀለበት አፈር ዘራሁ። ከወር በላይ ቆይተው አራቱ ብቻ በቀሉ፤ አራቱንም በግቢዬ በር በኩል ተከልኳቸው። ዛሬ ቁመታቸው ከወገቤ እምብዛም አላለፈም፤ አንድም ጊዜ አብበው አያውቁም። በየዓመቱ ኅዳር ሲገባ የጫፍ ቅጠላቸው የፈላ ውኃ እንደ ነካው ይጠወልግና ይጠቁራል፤ የበልግ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ከግንዳቸው መሐል አዲስ ቡቃያ ያወጣሉ፤ እንዲህ እየወደቁ እየተነሡ ነው እዚህ የደረሱት።

አምና ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጭ አንድ ተጨማሪ ችግኝ ገዛሁ። ሻጩ «ይሄው ራሱ ቢጫ አበባው ነው» ብሎ አረጋግጦልኝ ነበር። ይህኛው በአንድ ዓመት ውስጥ ከእኔ ቁመት በልጦ አበባ ሰጠኝ፤ አበባው በእርግጥ ቢጫና ጡሩምባ መሳይ ነው፤ ቅጠሉን ሳየው ግን ከአራቱ ጋር ፈጽሞ አይመሳሰልም። በአንድ ዘንግ ላይ አምስት ወይም ሰባት ትንንሽ ቅጠሎች ተደርድረዋል፤ ጠርዛቸውም እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው ነው።

እንግዲህ ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው ወይስ የተለያዩ? አራቱ ለምን አያብቡም? ደግሞስ በመንገዱ በኩል ያለውን 12 ሜትር ያህል አጥሬን በሙሉ በዚህ ተክል ለመሸፈን አስቤአለሁና ከቅርንጫፍ ቆርጦ መትከል ይቻላል ወይ? ከአክስቴ ያመጣሁት ፍሬ አልቆብኝ አይደለም፤ የተረፈውን ልጆቼ የገበጣ ጠጠር አድርገውት ስለሚጫወቱበት ልነጥቃቸው ስላልፈለግሁ ነው።

ሐረጎ

ይህ ቴኮማ ነው፤ በየከተማው መናፈሻና በየሆቴሉ ግቢ ሞልቷል። ቅርንጫፉን ቆርጠው ቢተክሉት በቀላሉ ይበቅላል፤ ሥጋት አይግባዎት።

ችግኝ ወዳድ (ኮምቦልቻ)

ከላይ የጻፉት ወንድሜ ስለ ሁለተኛው ተክል የተናገሩት ትክክል ይመስለኛል፤ የመጀመሪያዎቹ አራቱ ግን ቴኮማ ሊሆኑ አይችሉም። እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ችግኝ ሳፈላ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ በቢጫ አበባ ምክንያት የሚፈጠረውን ይህን መደናገር በየጊዜው አየዋለሁ። ሰው ተክልን በአበባው ቀለም ብቻ ስለሚያስታውሰው፣ ሻጩም ሆነ ገዢው ሳያውቁ አንዱን ስም ለሌላው ይሰጡታል። አበባ ደግሞ ወቅት ጠብቆ የሚመጣና የሚረግፍ ነው፤ ቅጠሉና ፍሬው ግን ዓመቱን ሙሉ ይመሰክራሉ።

ጠባብ ቅጠል ያላቸው አራቱ ቴቬቲያ የሚባለው ተክል ናቸው ብዬ አምናለሁ። የትውልድ አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። ካርል ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ሲመዘግበው «ቴቬቲያ» የሚለውን ስም የሰጠው፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ብራዚል ተጉዞ ለነበረው ፈረንሳዊ መነኩሴ ለአንድሬ ቴቬ መታሰቢያ ነው። ዛሬ የዕፅዋት ሊቃውንት «ካስካቤላ ቴቬቲያ» ይሉታል፤ ካስካቤል በስፓኒሽ ቃጭል ማለት ነው። የደረቀውን ፍሬ ጆሮዎ ላይ አድርገው ቢነቀንቁት የስሙ ምክንያት ይገባዎታል።

እርግጠኛ ለመሆን እነዚህን ይመልከቱ። ከአራቱ በአንዱ ላይ አንድ ቅጠል ይቁረጡ፤ ቁስሉ ላይ ወዲያው ወተት የሚመስል ነጭ ፈሳሽ ቢወጣ ቴቬቲያ ነው፤ ቴኮማ ወተት የለውም። ሲቆርጡ ታዲያ እጅዎ ላይ ፌስታል ያጥልቁ፤ በቅንጭብ ወተት እንደምንጠነቀቀው ሁሉ ዓይን እንዳይነካ ይጠንቀቁ። ቀጥሎ ቅጠሉን ለፀሐይ ይዘው ይዩት። በቴቬቲያ ቅጠል ላይ በግልጽ የሚታየው የመሐሉ ጅማት ብቻ ነው፤ የጎን ጅማቶቹ ፈጽሞ የሌሉ እስኪመስሉ ድረስ የደበዘዙ ናቸው። ይህ ምልክት የሚጠቅመው በዋናነት ኔሪየም ከሚባለው ሌላ የጌጥ ቁጥቋጦ ለመለየት ነው፤ ምክንያቱም ኔሪየምም ወተት አለው፣ ቅጠሉም ረጅም ነው። የኔሪየም ቅጠል ግን ወፍራምና ቆዳ መሰል ሆኖ በአብዛኛው ሦስት ሦስት እየሆነ ከአንድ አንጓ ይወጣል፤ የጎን ጅማቶቹም ጥቅጥቅ ብለው ጎን ለጎን ተሰድረው ይታያሉ። የቴቬቲያው በተቃራኒው አንድ በአንድ እየሆነ ግንዱን እየዞረ ይወጣል፤ ርዝመቱም ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል።

ፍሬው ከሁሉ የበለጠ ይናገራል። ቴቬቲያ በመጀመሪያ አረንጓዴ፣ ሲበስል የሚጠቁር፣ ማዕዘን ማዕዘን ያለው ሥጋማ ፍሬ ይሰጣል፤ በውስጡም በወገቡ ዙሪያ ከፍ ያለ መስመር የዞረው ጠንካራ ቡናማ ድንጋይ አለው። ቴኮማ የሚያፈራው እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ቀጭን ቆባ ነው፤ ሲደርቅ ተሰንጥቆ ክንፍ ያላቸው ስስ ዘሮች ይበትናል። ኔሪየምም ረጅም ቆባ አለው፤ ዘሩ ግን በጫፉ ጸጉር አለው። አላማንዳ የሚባል ሌላ ባለ ቢጫ አበባ ተክልም አለ፤ የእርሱ ፍሬ ክብና እሾሃማ ነው። የእርስዎ ልጆች ገበጣ የሚጫወቱበት ፍሬ ወገቡ ላይ መስመር ካለው ነገሩ አለቀ ማለት ነው።

አለማበቡ አያስደንቅም። ቴቬቲያ ሙቀት ወዳድ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር ትንሽ ከፍ ብላ ስትገኝ ደሴ ግን 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ስለሚቀንስ፣ የሐረጎን ዳገት ወጥተው ደሴ ሲደርሱ 4 ዲግሪ ያህል ተቀንሶብዎታል። በ25 ኪሎ ሜትር መንገድ ውስጥ የሚመጣ ለውጥ ነውና ለሰው ነጠላ በጋቢ የመቀየር ጉዳይ ነው፤ ለዚህ ተክል ግን የማበብና ያለማበብ ጉዳይ ነው። ተክሉ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀመውን ጉልበት በኅዳር አመዳይ የተቃጠለውን ጫፍ ለመተካት ያውለዋል፤ ለአበባ የሚተርፈው ነገር የለም።

ነርስ ነኝ (ኮምቦልቻ)

ጋሼ ችግኝ ወዳድ ተክሉን አሳምረው ለይተውታል፤ ስለ አበባውና ስለ አጥሩ ከመነጋገራችን በፊት ግን በጥያቄው መጨረሻ ላይ በቀላሉ የተጠቀሰውን ነገር ማንሳት አለብኝ። እህቴ፣ ልጆችሽ ገበጣ የሚጫወቱበት ፍሬ መርዝ ነው። እባክሽ ይህን እንዳነበብሽ ተነሺና ሰብስቢው።

የቴቬቲያ ክፍል ሁሉ፣ ቅጠሉም፣ ወተቱም፣ ግንዱም መርዝ አለው፤ እጅግ የሚያይለው ግን በድንጋዩ ውስጥ ባለው ዘር ነው። መርዙ የልብ ጡንቻ ሕዋሳት ሶዲየምና ፖታሲየምን የሚያመላልሱበትን ሥርዓት ያግዳል፤ ለልብ ሕሙማን በጥንቃቄ ተለክቶ የሚሰጠው ዲጎክሲን የተባለው መድኃኒትም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ልዩነቱ ከዛፍ የወደቀ ፍሬ መጠን የሌለው መሆኑ ነው። አገራችን ውስጥም ለቀስት መርዝ ያገለግል የነበረው መረንዝ የተባለው ዛፍ ልብን የሚጎዳው በተመሳሳይ ሁኔታ ስለሆነ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በስሪ ላንካና በደቡብ ሕንድ፣ በተለይም በስሪ ላንካ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ፣ ይህ ዘር በሆስፒታሎች የሚታወቅ ከባድ የመመረዝ ምክንያት ሆኗል፤ ስለ ሕክምናው ከተጻፈው ውስጥ ብዙው የመጣውም ከዚያው ነው።

ድንጋዩ ሳይሰበር በእጅ መነካቱ ብቻ ልጅን አይመርዘውም፤ ይህን የምለው እንዳትደነግጪ ነው። ነገር ግን ገበጣ የሚጫወት ልጅ ጠጠሩን አፉ ውስጥ እንደሚያደርግ፣ ቃጭል የሚያሰማ ነገር ሲያገኝም በውስጡ ምን እንዳለ ለማየት በድንጋይ እንደሚሰብር ሁላችንም ከልጅነታችን እናውቃለን። ውስጡ ያለው ዘር ነጭና ለውዝ የሚመስል ነው። መድረቁም መርዙን አያጠፋውም።

ምናልባት አንድ ልጅ ቀምሶ ቢገኝ፣ ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ተቅማጥ፣ ማዞርና የልብ ምት መዘግየት ወይም መዘበራረቅ ሊመጣ ይችላል፤ ነገር ግን ምልክቱ እስኪታይ መጠበቅ አይገባም፤ ለጥቂት ሰዓታት ደኅና መስሎ የቆየ ሰው በኋላ ልቡ ሊታወክ ይችላልና። በቤታችን የተለመደው ወተት ማጠጣት ለዚህ መርዝ ማርከሻ አይደለም፤ ጣት ጉሮሮ ውስጥ ከትቶ ማስመለስም አይመከርም። ከፍሬው አንዱን ይዞ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው የሚያስፈልገው። ፍሬውን መያዙ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ፤ ሐኪሙ ምን እንደ ተበላ ካወቀ ለመድኃኒትነት የተዘጋጀውን ከሰል ለመስጠትና የልብን ምት በመሣሪያ ለመከታተል ጊዜ አያባክንም።

የቧንቧ ውኃዋ (ደሴ)

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። መልእክትሽን ያነበብኩት ልጆቹ ትምህርት ቤት ሳሉ ነበር፤ ወዲያው የገበጣውን ሰሌዳ አውጥቼ ፍሬዎቹን ቆጠርኳቸው። በወገባቸው ዙሪያ ያለውን መስመር ዛሬ ገና አስተዋልኩት፤ አንዱን ጆሮዬ ላይ ነቀነቅሁትና በውስጡ ያለው ነገር ኮሽ ሲል ሰማሁት፤ ይህን ያህል ጊዜ ቤቴ ውስጥ ምን እንዳስቀመጥሁ ሳስበው እጄ ተንቀጠቀጠ። ገበጣቸው 12 ጉድጓድ ስላለውና በየጉድጓዱ 4 ስለሚገባ 48 መሆን ነበረበት፤ ያገኘሁት 45 ነው። ሦስቱን እስካሁን እየፈለግን ነው።

ጋሼ፣ እንዳሉኝ እጄን ፌስታል አጥልቄ የአራቱንም ቅጠል ቆርጬ አየሁ። ሁሉም ነጭ ወተት አወጡ፤ ለፀሐይ ስይዘውም የመሐሉ ጅማት ብቻ ነው የታየኝ። ከሻጩ የገዛሁት አንዳች ፈሳሽ አልወጣውም፤ ከታች በኩልም ሁለት ቀጫጭን ቆባዎች አንጠልጥሏል። አክስቴንም በስልክ አስጠነቅቄአታለሁ፤ እርሷ ግቢ ውስጥ ፍየሎች ስላሉ ምን ማድረግ እንዳለባት ጠይቂልኝ ብላኛለች።

ችግኝ ወዳድ (ኮምቦልቻ)

የገበጣውን ነገር አንብቤው ሳላነሳው ማለፌ ስለሚቆጨኝ ነርሷን ከልብ አመሰግናለሁ፤ የሙያ ሰው ተክሉን ሲያይ ሰውን የሚረሳበት ጊዜ አለና።

ለአክስትዎ ፍየሎች የምመክረው፣ ቁጥቋጦውን የምትጠብቀው ከሆነ ፍየል በማይደርስበት እንድታጥረው፣ ከሁሉ በላይ ግን ተከርክሞ የወደቀውን ቅርንጫፍ መሬት ላይ እንዳትተወው ነው። ያልለመደውን የለመለመ ቅጠል የሚሸሽ ከብት፣ ጠውልጎ ከሌላ ድርቆሽ ጋር የተቀላቀለውን ግን ሳያውቅ ይበላዋል። የተከረከመው ለማገዶም ሆነ ለሥጋ መጥበሻ እንጨት አይሁን፤ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ይቀበር።

መርዛማነት የዚህ ተክል ቤተሰብ ሁሉ ጠባይ ነው ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ይሆናል። ወሎ ውስጥ በየገደሉ የምንለቅመው አጋም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው፤ ሲቆረጥም ነጭ ወተት ይወጣዋል፤ የበሰለ ፍሬውን ግን ልጅ ሆነን ከንፈራችን እስኪጠቁር በልተነዋል። ወተት ማየት ለመጠንቀቅ ምክንያት ይሆናል እንጂ ፍርድ ለመስጠት አይበቃም።

ከጦሳ ሥር (ደሴ)

እኔ ደሴ ላይ ለረጅም ጊዜ ጓሮ ስላለማሁ፣ ከተማችን ሙቀት ወዳድ ተክሎችን እንዴት እንደምትቀበል የታዘብሁትን ልጨምር። አንድ የቴቬቲያ ችግኝ አሳድጌ ለአበባ አብቅቻለሁ፤ ያበቃሁትም ቦታውን ከቀየርሁ በኋላ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል፣ ወደ ደቡብ የዞረ የድንጋይ ግድግዳ ቀኑን ሙሉ ሲሞቅ ይውልና ሌሊት ያን ሙቀት ቀስ በቀስ ይመልሰዋል። ተክሉን ከእንዲህ ያለው ግድግዳ አንድ ሜትር ያህል አርቄ ተከልሁት። አመዳይ የሚወርደው ሰማዩ ጥርት ባለበትና ነፋስ በሌለበት ሌሊት ነው፤ ቀዝቃዛው አየር እንደ ውኃ ቁልቁል ፈስሶ በዝቅተኛው የግቢ ክፍል ይጠራቀማል። የግቢ በር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዝቅተኛው ቦታ ነው፤ የእህቴ ተክሎችም የሚቃጠሉት በዚህ ይመስለኛል።

ሌላው ችግር ክረምቱ ነው። ይህ ተክል ድርቅ ይችላል፤ ውኃ ያቆረ መረሬ መሬት ግን ሥሩን ያበሰብሰዋል። እኔ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆፍሬ ከታች ጠጠር፣ ከላይ አሸዋና ብስባሽ የተቀላቀለበት አፈር አድርጌ፣ ዙሪያውንም ከመሬቱ ከፍ አድርጌ ነው የተከልሁት። የተቃጠለውን ጫፍ ወዲያው አልቆርጠውም፤ የሞተው ክፍል የታችኛውን ስለሚከልለው፣ በልግ ገብቶ ቡቃያው እስኪታይ እተወዋለሁ። የላመ ፍግ ብትጨምሩበት ግን ከአበባ ይልቅ ቅጠል ያበዛል፤ ቅጠሉም ለስላሳ ስለሚሆን ብርዱ ቶሎ ይቀጨዋል።

ይህ ሁሉ ለአንድ ተክል ይሆናል እንጂ ለ12 ሜትር አጥር አይሆንም፤ በተለይ ልጆች ወጥተው በሚገቡበት ደጅ። የመንገዱን አጥር በእኔ ፍላጎት በቀጋ ባደርገው እመርጣለሁ። ቀጋ የእኛው ደጋ ተክል ነው፤ አመዳዩን ተወልዶበታል፤ ነጭ አበባው ሲፈነዳ መንገደኛውን ያቆማል፤ እሾሁ ፍየልንም ሌባንም ይከለክላል፤ ቀይ ፍሬውን ልጅ ቢበላው ደስ ይለዋል እንጂ አይታመምም። ችግኝ ሻጮች ለምን እንደማያፈሉት ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፤ የሩቁን አገር አበባ ተጨንቀን ስናሳድግ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ በራሱ የሚበቅለውን ግን አጥር ላይ ለማየት አልታደልንም። ቢጫ አበባ የግድ ከተፈለገ የገዙት ቴኮማ አለ፤ ብርድ ቢመታው እንኳ ከሥሩ ያቆጠቁጣል፤ በመርዝነትም አይታወቅም። ቆባዎቹን ሳይደርቁ መልቀም ግን አይርሱ፤ ዘሩ በነፋስ ስለሚበተን በብዙ አገሮች እንደ አረም የሚቆጠር ተክል ነው።

የቧንቧ ውኃዋ (ደሴ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ቅዳሜ ከባለቤቴ ጋር ሆነን አራቱንም ቴቬቲያዎች ከነሥራቸው ነቅለን ቀበርናቸው። ሁለት ዓመት ተኩል ያሳደግሁትን ነገር መንቀል ቀላል አልነበረም፤ አንዱ ላይ ገና ያልተገለጠ የመጀመሪያ እምቡጥ አይቼበት ነበርና ለጥቂት ጊዜ ቆሜ ተመለከትሁት። ቴኮማውን ትቼዋለሁ፤ ቆባዎቹንም ለቅሜአቸዋለሁ። ለአጥሩ የሚሆን የቀጋ ቁራጭ ከየት እንደማገኝና በየትኛው ወር ብተክለው እንደሚሻል ከጦሳ ሥር የሚጽፉት ወንድሜ ቢነግሩኝ እወዳለሁ።

የጠፉትን ሦስት ፍሬዎች በተመለከተ፣ ሁለቱን ከአልጋ ሥር አገኘናቸው። ሦስተኛውን ዛሬ ጠዋት የትንሹን ልጄን የትምህርት ቤት ሱሪ ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ አገኘሁት፤ አልተሰበረም። ልጆቹ አሁን የሚጫወቱት በሽምብራ ነው።

ከጦሳ ሥር (ደሴ)

እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንኳን ተገኘ። የቀጋ ቁራጭ እኔ እሰጥዎታለሁ። የእርሳስ ውፍረት ያለውን፣ ለጋ ያልሆነና ያልደረቀ ቅርንጫፍ አንድ ስንዝር ያህል ቆርጠው፣ ሁለት ሦስተኛውን አፈር ውስጥ ይቀብሩት። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጸና ቢተክሉት እስከ መስከረም ሥር ይይዛል፤ ሁሉም ስለማይጸድቅ በአንድ ሜትር ውስጥ አራት አራት አድርገው ይትከሉ።